ገዳይ በሆነ ከተማ ውስጥ ሰው ለምን ይቀራል? ቺካጎ፣ ከ1870 እስከ 1900

የሰኞ_ገበያ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ሰሞኑን ስለ አሜሪካ ከተሞች አነሳስ እያነበብኩ ነበር፣ ቺካጎ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ቁጥሩን እዩልኝማ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ በዚህ እንዳንጨቃጨቅ።) በ1850 ሕዝቧ 30 ሺህ ገደማ ነበር። በ1870 ወደ 300 ሺህ ደረሰ። በዓመቱ፣ ጥቅምት 1871 ላይ፣ ያ የታወቀው ቃጠሎ መጣና የከተማዋን እምብርት አመድ አደረገው። 300 ያህል ሰው ሞተ፣ 100 ሺህ ያህሉ ቤት አልባ ሆነ። እዚህ ጋ ማንም ሰው «በቃ፣ አበቃላት» ይላል። እሷ ግን በ1880 ግማሽ ሚሊዮን አለፈች፣ በ1890 አንድ ሚሊዮን ከ100 ሺህ ገባች፣ በ1900 ደግሞ 1.7 ሚሊዮን ገደማ።

አንድ ጓደኛዬን «ነገሩ ምንድን ነው?» ብለው «የኢንዱስትሪ አብዮት ነዋ!» ብሎ ዘጋኝ። እሺ ይሁን። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ኑሮው የተጻፈውን ስታነቡ ያስፈራል። ጭሱ፣ ጭቃው፣ የሚጠጣው ውሃ ራሱ በሽታ ነው፣ ሕጻናቱ ይረግፋሉ፣ ደሞዙ ከእጅ ወደ አፍ ነው። አንድ ቦታ ላይ እንደውም በ1885 ከባድ ዝናብ ዘንቦ ኮሌራ ገባና 90 ሺህ ሰው ፈጀ የሚል አይቻለሁ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ምን ነክቶት ነው የሚጎርፈው? መምጣቱስ ይምጣ፣ አላወቀም እንበል። ካየው በኋላ ለምን ይቀራል?

የምታውቁ አስረዱኝ። ክርክርም ካለ ይምጣ፣ እኔ ጥግ ይዤ አነባለሁ።

ቺካጎ_ደቡብ

ወንድሜ፣ ጓደኛህ ግማሹን ልክ ነው። ግን ፋብሪካ የነበረው ቺካጎ ብቻ አይደለም። ለምን ሲንሲናቲ አልሆነችም? እሷ እኮ በአሳማ ሥጋ ከቺካጎ በፊት ስም ያላት ከተማ ነበረች። ለምን ሴንት ሉዊስ አልሆነችም? ትልቁ ወንዝ ደጃፏ ላይ ነው።

መልሱ ካርታው ላይ አለ። ቺካጎ ሚሺጋን ሐይቅ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠችው። በስተምሥራቅ በሐይቆቹ በኩል እስከ ኒውዮርክ በመርከብ ይኬዳል፣ በስተምዕራብ ማለቂያ የሌለው ሜዳ ነው። በ1848 ሁለት ነገር በአንድ ዓመት ሆነላት። ሐይቁን ከሚሲሲፒ ወንዝ ጋር የሚያገናኘው ቦይ ተከፈተ፣ የመጀመሪያዋ ባቡርም መሮጥ ጀመረች። ከዚያ በኋላ የምዕራቡ ስንዴ፣ የሰሜኑ ጣውላ፣ የሜዳው ከብት ሁሉም እዚያው መጥቶ ይራገፋል። ባቡሮቹ ቺካጎ ላይ ያልቃሉ እንጂ አያልፉም ነበር። ከምሥራቅ የመጣው እዚያ ይቆማል፣ ከምዕራብ የመጣውም እዚያ ይቆማል፣ መሀል ላይ ያለው ሰው ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ይመዝናል፣ ይሸጣል፣ ይሰርቃልም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ቄራው። ታላቁ የከብት በረትና ቄራ የተከፈተው በ1865 በገና ዕለት ነው፣ ከተማዋ ደቡብ በኩል። መጀመሪያ ላይ ከብቱን ከነነፍሱ ነበር ወደ ምሥራቅ የሚልኩት። መንገድ ላይ ይከሳል፣ ይሞታል፣ ደግሞ ቀንድና ሰኮናውን ጭነህ ኪራይ ትከፍላለህ። ጉስታቨስ ስዊፍት የሚባል የሥጋ ነጋዴ ነው «እዚሁ አርደን ሥጋውን ብቻ በበረዶ በሚቀዘቅዝ ፉርጎ እንላከው» ብሎ የተነሳው። ትልልቆቹ የባቡር ድርጅቶች እምቢ አሉት፣ ምክንያቱም ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ከብት መጫኛ ፉርጎ ላይ ነው። እሱ ግን በካናዳ በኩል ዞሮ ሄደ። በ1880ዎቹ ቦስተንና ኒውዮርክ ያለ ሰው ቺካጎ የታረደ ሥጋ ይበላ ነበር።

ሥራው እንዴት ነው ካልክ፣ እንስሳው በሰንሰለት ተሰቅሎ ይሄዳል፣ ሰውየው ቆሞ አንድ ዓይነት ቢላ ብቻ ይሰነዝራል፣ ቀኑን ሙሉ ያንኑ። ሄንሪ ፎርድ በኋላ ራሱ ተናግሯል፣ መኪና መገጣጠሚያውን ሲያስብ ሐሳቡ ከቺካጎ ቄራ እንደመጣለት። ይሄ ማለት ሙያ አያስፈልግም፣ ቋንቋ አያስፈልግም። ትናንት ከመርከብ የወረደ ፖላንዳዊ ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ይሰለፋል፣ አለቃው በጣቱ እየጠቆመ ይመርጣል፣ የተመረጠው ይገባል፣ ያልተመረጠው ነገ ይመለሳል። ቋሚ የሚባል ነገር የለም። ደሞዙ ሙያ ለሌለው በሰዓት 15 ሳንቲም አካባቢ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ለምን መጣ? ይሄን ነገር ሰው ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። በቺካጎ በኩል የሚወጣው ርካሽ ስንዴ አውሮፓ ገባና የእህል ዋጋ ጣለ። የጀርመን፣ የስዊድን፣ የፖላንድ ገበሬ በገዛ መሬቱ ላይ ከሰረ። ከዚያ ያ የከሰረ ገበሬ መርከብ ተሳፍሮ የት መጣ? ስንዴው ከወጣበት ከተማ። የአሜሪካውም ገበሬ ልጅ እንደዛው ነው፣ ማሽኑ የአሥር ሰው ሥራ ሲሠራ ወንድሞቹ እርሻው ላይ ምን ይሠራሉ? ስለዚህ በ1890 ቺካጎ ውስጥ ካለው ሰው ከአራት ሦስት እጁ በላይ ወይ ውጭ ሀገር የተወለደ ነው፣ ወይ ወላጆቹ ከውጭ የመጡ ናቸው።

ለምን ቀረ የሚለውን ሌሎች ይሞክሩት። እኔ ሥራ ልገባ ነው።

ውሃልክ

እኔ የሲቪል ሰው ነኝ፣ ስለ ውሃው ልጻፍ። በመጀመሪያ ያቺ የ90 ሺህዋ ኮሌራ ውሸት ናት። ወሬዋ ብዙ ቦታ ተጽፋለች፣ ግን አልሆነችም። አስቡት፣ በ1885 ከተማዋ ውስጥ ያለው ሕዝብ አንድ ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። 90 ሺህ ሰው ቢሞት ኖሮ ከአሥር ሰው ቢያንስ አንዱ ሞተ ማለት ነው፣ ያን የሚደብቅ ጋዜጣ ደግሞ አልነበረም። እውነቱ ይሄ ነው፤ በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ከባድ ዝናብ ዘነበ፣ ቆሻሻው ወደ ሐይቁ ገባ፣ ሰው ደነገጠ። ያ ድንጋጤ ነው ለሥራው መነሻ የሆነው። እግረ መንገዴን፣ ያቺ የወይዘሮ ኦሊሪ ላም ፋኖስ ረግጣ ከተማውን አቃጠለች የምትባለዋም ተረት ናት። ከጋዜጠኞቹ አንዱ ከዓመታት በኋላ የፈጠርነው ነው ብሎ አምኗል።

ገዳዩ ታይፎይድ ነበር። ድምጹን አጥፍቶ በየዓመቱ ይወስዳል። በ1891 ብቻ ወደ ሁለት ሺህ ሰው ገደለ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ። ከተማዋ ረግረግ ላይ ነው የተሠራችው፣ መሬቱ ከሐይቁ ብዙም ከፍ አይልም። ቧንቧ ቀብረህ ፍሳሽ እንዳታወርድ ተዳፋት የለም። ስለዚህ በ1850ዎቹ አጋማሽ ኤሊስ ቼስብሮ የሚባለው መሐንዲስ ያመጣው መላ እብደት የሚመስል ነበር። ቧንቧውን መሬቱ ላይ እናስቀምጥ፣ መንገዱን በላዩ ላይ ከፍ አድርገን እንሙላው አለ። እሺ፣ መንገዱ ከፍ ሲል ቤቶቹስ? ቤቶቹንም እናንሳ። አነሷቸው! በመቶዎች የሚቆጠር ክሪክ ከሥር ደርድረው፣ በፉጨት ምልክት ሁሉም ሠራተኛ እኩል እያዞረ፣ ባለ ብዙ ፎቅ የጡብ ሕንጻ ትንሽ በትንሽ ከፍ ይላል። ከዚህ ሥራ ገንዘብ ካገኙት አንዱ ጆርጅ ፑልማን ነው፣ በኋላ በባቡር ፉርጎ የከበረው።

ግን ፍሳሹ ተሰብስቦ የት ሄደ? ወንዙ ውስጥ። ወንዙ የት ይገባል? ሐይቁ ውስጥ። የሚጠጣው ውሃ ከየት ይመጣል? ከሐይቁ። መላ ብለው ከሐይቁ ሥር ሦስት ኪሎ ሜትር ከምናምን የሚሆን ዋሻ ቆፍረው ራቅ ካለ ቦታ ውሃ መሳብ ጀመሩ፣ 1867 ላይ። ለጊዜው ደህና ነበር። ከተማው ሲያድግ ቆሻሻውም እዚያው ደረሰበት። በመጨረሻ ወንዙን ራሱን አዞሩት። 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ ቆፍረው፣ ወደ ሐይቁ ይፈስ የነበረውን ወንዝ ጀርባውን እንዲሰጠው አደረጉ። በጥር 1900 ተከፈተ። የከፈቱት በጥድፊያና በድብቅ ነው፣ ፍርድ ቤት እንዳያግዳቸው ፈርተው፣ ምክንያቱም ቆሻሻው አሁን የሚሄደው ወደ ሴንት ሉዊስ አቅጣጫ ነው። ሚዙሪ ግዛት ከሰሰች። በ1906 ተረታች።

እና ለጠያቂው፤ ሰው የቀረበት አንዱ ምክንያት በዓይኑ የሚያየው ሥራ ስለነበረ ይመስለኛል። ዘንድሮ ቧንቧ የለም፣ የሚቀጥለው ዓመት ይመጣል። በ1882 በመሬት ውስጥ ገመድ የሚጎተት ትራም ገባ፣ በ1892 ከመንገዱ በላይ በብረት ምሰሶ ላይ የሚሄደው ባቡር መጣ፣ ሰማዩን የሚያክ ፎቅ የተባለው የመጀመሪያው ሕንጻ 1885 ላይ አለቀ፣ አሥር ፎቅ ነበር፣ በብረት አጥንት የቆመ። ነገ ይሻላል ብሎ ማመን ቀላል ነበር። ምሬቱ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቧንቧው መጀመሪያ የሚገባው ክፍያ ከሚችለው ሰፈር ነው።

ትዝብት

ውሃልክ ጥሩ ጽፈሃል፣ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ግን ወደ መሐንዲስ ግጥም ገባህ። ቄራ በር ላይ የቆመ ሰው ስለ አሥር ፎቅ ሕንጻ ምን አገባው?

እኔ ጥያቄውን ራሱን ልነካው። «ለምን ይቀራል?» ስንል ሁሉም የቀረ አስመሰልነው። አልቀሩም እኮ! የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ነው የሚደረገው፣ መሀል ላይ የገባውንና የወጣውን አያሳይም። ታሪክ አጥኚዎች በዚያን ጊዜ የነበሩ የአሜሪካ ከተሞችን ስም ዝርዝር ከአሥር ዓመት በኋላ ካለው ጋር ሲያመሳክሩ ብዙው ሰው የለም። ወይ ሌላ ከተማ ሄዷል፣ ወይ ሞቷል፣ ወይ ሀገሩ ገብቷል። የእንፋሎት መርከብ ጉዞውን ወደ አሥር ቀን ገደማ ካወረደው በኋላ መመለስ ከባድ አልነበረም። በተለይ ከጣሊያን የመጣው ወንድ ብዙው «ትንሽ ሠርቼ፣ መሬት መግዣ ይዤ ልመለስ» ብሎ ነው የመጣው፣ ብዙዎቹም ተመልሰዋል። ዓረብ ሀገር ሰው ያለን ሰዎች ይህቺን ዓረፍተ ነገር እናውቃታለን። መመለሻ ያልነበራቸው ከሩሲያ የመጡት አይሁዶች ናቸው። ከ1881 ጀምሮ መንደራቸው ሲዘረፍና ሲቃጠል የት ይመለሳሉ? ስለዚህ እነሱ ቤተሰባቸውን ይዘው መጡ፣ ቀሩም።

የቀረውን ደግሞ ማን ያዘው? መንግሥት አይደለም። ያኔ ሥራ ለፈታ ድጎማ የለም፣ ጡረታ የለም፣ ሠራተኛ ማሽን እጁን ቢቆርጠው «ጥንቃቄ ማድረግ ነበረብህ» ነው። የያዘው የወረዳው ፖለቲከኛ ነው። የ19ኛውን ወረዳ ጆኒ ፓወርስን ውሰዱ። አይሪሽ ነው፣ መጠጥ ቤት ነበረው፣ ከ1888 ጀምሮ በከተማው ምክር ቤት የወረዳው ተወካይ። ልጅህ ታሰረ? ዋስ ይሆናል። ሥራ የለህም? መንገድ ጠረጋ ያስገባሃል። ሰው ሞተብህ? አስከሬን ማመላለሻውን ጋሪ ይልካል፣ ራሱም ለቅሶው ላይ ይገኛል። ለቅሶ ከማብዛቱ የተነሳ ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር። ለገና በቶን የሚቆጠር የታረደ ተርኪ፣ ያን ትልቁን የፈረንጅ ዶሮ፣ ያድላል። በምላሹ የምትሰጠው አንድ ነገር ነው፣ ድምጽህን። ለእኔ ይሄ ፍትሐዊ ንግድ ነው። ያን ጊዜ ለድሃው በስሙ ጠርቶ የሚያናግረው ባለሥልጣን እሱ ብቻ ነበር።

ሰብልዬ

ትዝብት፣ ፍትሐዊ ንግድ? ኧረ ተው እንጂ!

የተርኪው ገንዘብ ከየት መጣ? ቻርልስ የርክስ የሚባል የትራም ከበርቴ ነበር። የመንገዱን የመጠቀሚያ ፈቃድ በርካሽ እንዲያገኝ የምክር ቤቱን ሰዎች ይገዛል፣ ፓወርስ ደግሞ ዋና ሰውየው ነው። ያ ድሃ በየቀኑ ተጨናንቆ፣ ቆሞ፣ 5 ሳንቲም እየከፈለ የሚሳፈርበት ትራም ነው ተመልሶ ተርኪ ሆኖ የመጣለት። የራሱን ገንዘብ በዓመት አንዴ ሰጡትና አመሰገነ። የ19ኛው ወረዳ መንገድ ደግሞ በቆሻሻ ብዛት የታወቀ ነበር፣ ምክንያቱም የቆሻሻ ማንሻው ኮንትራትም ለወዳጅ ነው የሚሰጠው።

እዚያው ወረዳ ውስጥ፣ ሃልስቴድ ጎዳና ላይ፣ በ1889 ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር ሀል ሃውስ የሚባለውን የሰፈር መረዳጃ ቤት ከፈቱ። የተማሩ፣ ደህና ቤተሰብ የመጡ ሴቶች ናቸው፣ ግን መጥተው እዚያው ሰፈር መኖር ጀመሩ። የሰፈርተኛውን ልጅ ያውላሉ፣ ማታ ቋንቋ ያስተምራሉ፣ ሻወር ያላያችሁ ኑ ታጠቡ ነው። ይሄን «የበጎ አድራጎት» ብሎ ማለፍ ይቀናናል። ሥራው ግን ከዚያ የከረረ ነበር። በ1895 አዳምስ የወረዳው የቆሻሻ ተቆጣጣሪ ሆና ተሾመች። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የቆሻሻ ጋሪዎቹን ተከትላ ትዞራለች። አንዱ ጠባብ መንገድ ላይ ቆሻሻው ተነስቶ ሲያልቅ ከሥሩ የተነጠፈ ድንጋይ ተገኘ፣ ሰፈርተኛው መንገዱ ንጣፍ እንዳለው አያውቅም ነበር።

ፍሎረንስ ኬሊም እዚያው ትኖር ነበር። ቺካጎ ውስጥ ልብስ ስፌቱ በብዛት የሚሠራው በየድሃው ቤት ነው። ነጋዴው የተቆረጠ ጨርቅ ይሰጣል፣ ሴትዮዋና ልጆቿ በማደሪያቸው ክፍል ውስጥ በቁጥር ይሰፋሉ፣ ታማሚ አጠገባቸው ተኝቶ ማለት ነው። ኬሊ በየቤቱ ዞራ መዘገበች። በ1893 ቺካጎ ያለችበት የኢሊኖይ ግዛት ሕግ አወጣ፣ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፋብሪካ እንዳይሠራ፣ ሴቶች በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ። አስፈጻሚዋ እሷው ሆነች። በዓመቱ ፈንጣጣ ገባ፣ ልብሱ ከሚሰፋባቸው ክፍሎች ውስጥ ታማሚዎች ተገኙ። ያኔ ነው መሀል ከተማ ያለው ባለገንዘብ የነቃው፣ ያ ኮት እሱ ጀርባ ላይ ነዋ የሚያርፈው። የስምንት ሰዓቱን ክፍል ግን በ1895 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረው። ሴቷ በፈለገችው መጠን የመዋዋል መብት አላት ብሎ። በመብት ስም 12 ሰዓት ስፊ ማለት ነው።

ለጥያቄው የእኔ መልስ ግን እዚህ ስቃይ ላይ አያልቅም። ስለ ሴቶቹ ማንም አላነሳም፣ ደግሞ ስለ ወጣቶቹ። የገበሬ ልጅ የሆነች የ18 ዓመት ሴት ገጠር ብትቀር ሕይወቷን የሚወስነው አባቷ፣ ቀጥሎ ባሏ ነው። ከተማ ስትመጣ አብዛኛዋ የሰው ቤት ሠራተኛ ነው የምትሆነው፣ እሱን አልክድም። ግን ትልልቆቹ መደብሮች ሻጭ ይቀጥራሉ፣ ቢሮዎቹ በታይፕ የምትጽፍ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ትንሽ ሳንቲም እጇ ላይ ይቀራል። በአምስት ሳንቲም ትራም ወደ ሐይቁ ዳር ትሄዳለች፣ ትጨፍራለች፣ አይታ የመረጠችውን ታገባለች። ወላጆቿ አበዱ፣ ቄሱ አበደ፣ ጋዜጣው አበደ። እሷ ግን አልተመለሰችም። እኔ ብሆንም አልመለስም።

ትዝብት

ሰብልዬ፣ እጅ አልሰጥም :) አዳምስ እኮ ፓወርስን ለመጣል በ1896ም በ1898ም ሰው አስቀርባ ሞክራለች። ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፈች። መራጩ ጅል ነበር ልትዪኝ ነው? ራሷ ከመጀመሪያው ሽንፈት በኋላ ጉዳዩን ስትጽፍበት ሰዎቹን አልሰደበችም፣ ጎረቤታሞች እርስ በርስ የሚያደርጉትን ደግነት እሱ በትልቁ ስለሚያደርገው ነው የሚወዱት ነው ያለችው። የጸዳ አስተዳደር ይመጣል ብለሽ የተራበ ሰው ድምጽ አታገኚም።

ሰብልዬ

መራጩ ጅል አይደለም፣ አማራጭ የለውም። ልዩነቱ ያ ነው። ደግሞ ያኔ ሴቶቹ አይመርጡም፣ ቆሻሻው ውስጥ ልጅ የሚያሳድጉት ግን እነሱ ናቸው። እነሱ ቢመርጡ ኖሮ ተርኪው ይበቃ ነበር ወይ፣ እሱን ንገረኝ።

ቺካጎ_ደቡብ

ከሥራ ወጣሁ። ጦፎ ጠበቀኝ :)

ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ፑልማን ነው። ውሃልክ የጠቀሰው ቤት አንሺ በ1880 ከከተማው ደቡብ ለሠራተኞቹ ብቻ የሆነ ከተማ መሥራት ጀመረ። ቆንጆ የጡብ ቤት፣ የቧንቧ ውሃ፣ ጋዝ፣ መናፈሻ፣ ቤተ መጻሕፍት። ለተራ ሠራተኛ መጠጥ ቤት የለም። ሁሉም የእሱ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሕንጻ ራሱ የእሱ ነው፣ ያከራየዋል። ጎብኚው «ይሄ ነው የወደፊቱ» እያለ ያደንቃል። በ1893 ኢኮኖሚው ሲወድቅ ደሞዝ ቀነሰ፣ የቤት ኪራዩን ግን አልነካውም። ኪራዩ በተቀነሰው ደሞዝ ላይ ሲሰላ የሚበላ አይተርፍም። በግንቦት 1894 ሥራ አቆሙ፣ የዩጂን ዴብስ የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ተቀላቀለ፣ ከቺካጎ በስተምዕራብ የሀገሪቱ ባቡር ቆመ። ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ወታደር ላከ፣ ሰው ሞተ፣ አድማው ተሰበረ፣ ዴብስ ስድስት ወር ታሰረ። ፑልማን በ1897 ሲሞት ቤተሰቡ ሠራተኛ አስከሬኑን እንዳያወጣው ፈርቶ በኮንክሪትና በብረት ነው ያስቀበረው። መቃብሩ እዚሁ ከተማ ሰሜን በኩል አለ፣ ለሠራተኞቹ የሠራው ከተማም ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስለዚህ ንጹሕ ቤት ብቻውን ሰው አይዝም ነው የምለው። ቄራው ጀርባ ጣሪያው በሚያፈስ የእንጨት ቤት የሚኖረው ሰው ቢያንስ አከራዩና አሠሪው አንድ ሰው አልነበሩም።

ሁለተኛው፣ ስለ ጥቁሮቹ ማንም አላነሳም። ጥቁሮች ከደቡብ ግዛቶች ወደ ሰሜን የጎረፉበት ትልቁ ፍልሰት ያኔ ገና አልመጣም። በ1900 ቺካጎ ውስጥ የነበሩት ጥቁሮች ወደ 30 ሺህ ብቻ ናቸው፣ አብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ ገና ደቡብ ነው። ፑልማን ፉርጎ ላይ አስተናጋጅ ሆነው የሚሠሩት ጥቁሮች ናቸው፣ ፑልማን ሆን ብሎ ከባርነት የወጡ ሰዎችን ነበር የቀጠረው። ያ የዴብስ ማኅበር ግን ጥቁር አባል አንቀበልም ብሎ ድምጽ ሰጠ፣ እዚያው አድማ መሀል። ፋብሪካው በር ላይም መጨረሻ ተሰላፊ ናቸው። ሆስፒታሎቹ ጥቁር ሐኪም አይቀጥሩም፣ ጥቁር ነርስ አያሠለጥኑም። ስለዚህ ዶክተር ዳንኤል ሄል ዊሊያምስ በ1891 ፕሮቪደንት ሆስፒታልን አቋቋመ፣ በ1893 እዚያው በጩቤ የተወጋ ሰው ደረት ከፍቶ የልቡን ሽፋን ሰፋ፣ ሰውየው ድኖ ወጣ። በዚያው ዓመት ከተማው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ደግሶ ከ20 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ አስተናግዷል፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ቤተ መንግሥት ደርድሮ። በደቡብ የጥቁሮችን ግድያ ያጋለጠችው ጋዜጠኛ አይዳ ቢ. ዌልስና የመብት ታጋዩ ፍሬድሪክ ዳግላስ እዚያው በሄይቲ አዳራሽ «እኛ ለምን የለንበትም» የሚል ጽሑፍ ሲያድሉ ነበር። ዌልስ በኋላ እዚሁ ቀረች። ለእሷ «ለምን ቀረሽ» ብትላት መልሱ አጭር ነው፣ ሜምፊስ ብትመለስ ይገድሏታል።

የሰኞ_ገበያ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። የትዝብት «አልቀሩም እኮ» የምትለው ራሴን ነው ያዞረችው። የሰብልዬ ደግሞ ገባኝ።

ሁለት አጭር ጥያቄ። አንደኛ፣ ሀብታሞቹስ የት ነበሩ? ከጭሱ ጋር አብረው ይኖሩ ነበር? ሁለተኛ፣ ፓወርስ መጨረሻው ምን ሆነ? ወረዳውማ መቼም እንዲያው አይሪሽ ብቻ እንደሆነ አልቀረም።

ውሃልክ

ለመጀመሪያው። በፊት ሁሉም በእግር የሚደርስበት ርቀት ላይ ነበር የሚኖረው፣ ሀብታሙም ድሃውም ጎረቤት። ትራሙ መጣና ለያያቸው። የፈረስ ትራሙ ትንሽ አራቃቸው፣ የገመዱና የኤሌክትሪኩ ብዙ አራቃቸው። ኪሱ ደህና የሆነው ዳር ወጥቶ ግቢ ያለው ቤት ሠራ፣ ጠዋት መሀል ከተማ ይገባል፣ ማታ ይወጣል። በ1889 ቺካጎ ሃይድ ፓርክን፣ ሌክ ቪውን፣ ሌሎችንም በዙሪያዋ ያሉ ከተሞች በአንድ ጊዜ ጠቀለለቻቸው፣ እኒያም የተስማሙበት አንዱ ምክንያት ውሃና ፍሳሽ ስለፈለጉ ነው። ያ የ1890ው አንድ ሚሊዮን ውስጥ እነዚህም አሉበት፣ ቁጥሩን ስታይ አስብበት። የቄራው ጭስ ግን የትም አልራቀም፣ ነፋሱ ወደ ደቡብ ሃብታም ሰፈር ሲዞር እዚያም ይሸታል።

ቺካጎ_ደቡብ

ስለ ሽታ ከሆነ፣ ቄራዎቹ ደምና ስብ ይጥሉበት የነበረው የወንዙ ቅርንጫፍ አሁንም አለ። ከሥሩ የሚበሰብሰው ነገር ጋዝ እያወጣ ስለሚንቦጨቦጭ ስሙ ራሱ የሚንቦጨቦጨው ጅረት ነው። ቄራው በ1971 ተዘግቷል። በበጋ ሙቀት ዛሬም ቆማችሁ ብታዩት አረፋ ይላል። ልጆች ይዤ ሄጄ «አባቢ ይሄ ምንድን ነው?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

ትዝብት

ለሁለተኛው እኔ ልመልስ፣ ደንበኛዬ ነው። ልክ ብለሃል፣ ወረዳው ጣሊያን ሰፈር ሆነ። ፓወርስ አይሪሹ ስሙን እንኳ ጣሊያኖቹ በራሳቸው አጠራር እየጠሩት መረጡት። ለቅሶውም ተርኪውም ቋንቋ አይጠይቅማ። መሀል ላይ ለአጭር ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ፣ ከዚያ እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ ምክር ቤቱ ውስጥ ቆየ። በ1920 ከጣሊያን ወገን በመጣ ተፎካካሪ ጋር ፉክክሩ ከሮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቦንብ ፈንድቶበታል። በማግስቱ ዓመት ተገደለ፣ ፓወርስ ሳይሆን ተፎካካሪው። የርክስ ደግሞ የትራም ፈቃዱ ማራዘሚያ ሲከሽፍበት ድርሻውን ሸጦ ለንደን ሄደ፣ እዚያ የመሬት ውስጥ ባቡር መሥራት ጀመረ።

ሰብልዬ

ለንደኖች ተርኪ ደረሳቸው?